የሚጠብቅ ደንበኛ ገንዘብ የማን ነው?

(በማኅበራችን ጠቅላላ ስብሰባ ላይ በሂሳብ ክፍል የቀረበ ንግግር)



ዛሬ እንደ ልማዴ የሂሳብ ሪፖርት እንዳነብ ነበር የተነገረኝ። ሪፖርቱ ተባዝቶ በእጃችሁ ስላለ ቁጥሩን ረጋ ብላችሁ ብታዩት ይሻላል። የተሰጠኝን ጊዜ ግን ለአንድ ጉዳይ ብቻ ላውለው ፈልጌአለሁ። ጉዳዩ ቀብድ ነው። ገንዘቡን አስቀድሞ ከፍሎ ዕቃውን የሚጠብቅ ሰው ጉዳይ ነው።

ነገሩ የተነሣው ከቆዳ ሥራ ክፍላችን ነው። ባለፈው ስብሰባ አንዷ እህታችን በስልኳ አንድ ቪዲዮ አሳየችን። ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጥ ሣጥን የመሰለ ማሽን ቆዳውን ያለ መቀስና ያለ ቢላዋ በብርሃን ብቻ ሲቆርጥ አየን። ሁላችንም ተደነቅን። እኛ ለአንድ ቦርሳ ጌጥ ግማሽ ቀን ስንፈጅ ማሽኑ በደቂቃዎች ይጨርሰዋል። ኮሚቴውም ዋጋውንና የአከፋፈሉን ሁኔታ አጥንቼ እንዳቀርብ አዘዘኝ። ሳጠና ግን ከማሽኑ ይልቅ የመጀመሪያዎቹ ገዢዎቹ ታሪክ ያዘኝ። በዚያ ታሪክ ውስጥ የራሳችንን ያለፈውን ፋሲካ አየሁበት።

መጀመሪያ ስለ ማሽኑ ትንሽ ልናገር። ሌዘር መቁረጫ ይባላል። በውስጡ የካርቦን ዳይኦክሳይድ ጋዝ ያለበት የመስታወት ቱቦ አለ። ኤሌክትሪክ ሲገባበት ለዓይን የማይታይ ኃይለኛ ጨረር ይወጣዋል። ጨረሩ በመስታወቶች እየተመራ ይሄድና በአንድ ሌንስ ተሰብስቦ እንደ መርፌ ጫፍ ቀጭን ይሆናል። ያ ጫፍ ያረፈበት ቆዳ፣ እንጨት፣ ወረቀት ወይም ጨርቅ ይቃጠላል፤ የሚቆረጠውም በዚህ መንገድ ነው። እንዲህ ያለው ማሽን በፋብሪካዎች ለብዙ ዓመታት ሲሠራበት ቆይቷል። ለቤት የሚሆን፣ ቀላልና ርካሽ ሆኖ የመጣው ግን በቅርብ ጊዜ ነው።

ከእነዚህ የቤት ማሽኖች አንዱን የሠራው ግሎውፎርጅ የሚባል፣ በአሜሪካ በሲያትል ከተማ የተቋቋመ ኩባንያ ነው። ኩባንያው ማሽኑን ለሕዝብ መሸጥ የጀመረው እ.ኤ.አ. በመስከረም 2015 ነው። ማሽኖቹ ግን ገና ተመርተው አላለቁም ነበር። ገዢው ገንዘቡን አስቀድሞ ይከፍላል፤ በለውጡ ዋጋው ይቀነስለታል፤ ማሽኑ ሲያልቅ ይላክለታል። መነሻ ዋጋው 1,995 ዶላር ነበር። በ30 ቀን ውስጥ 27.9 ሚሊዮን ዶላር ተሰበሰበ።

እህቶቼ፣ ይህን ቁጥር ሳይ በመጀመሪያ የመጣልኝ ሐሳብ "እንዴት ያለ ገበያ ነው!" የሚል ነበር። ትንሽ ቆይቼ ሳስበው ግን ሌላ ነገር ታየኝ። በዚያ በ30ኛው ቀን ማታ ኩባንያው ለገዢዎቹ ያስረከበው ማሽን አልነበረም። ስለዚህ 27.9 ሚሊዮኑ የብዙ ሺህ ሰዎች አደራ ነበር ማለት ነው። ሀብት የሚመስል ዕዳ ነው።

ከዚያ በኋላ መጠበቅ መጣ። ገዢዎቹ ማሽናቸውን በ2016 እንደሚያገኙ ነበር የተነገራቸው። ጊዜው ሲቃረብ ቀኑ ወደ ዓመቱ መጨረሻ ተገፋ። የዓመቱ መጨረሻ ሲደርስ ደግሞ ወደ 2017 ተሻገረ። ከአሜሪካ ውጭ ያሉ ገዢዎች ከዚያም በላይ ጠበቁ። ከጠባቂዎቹ መካከል ለመዝናኛ ያዘዙ ነበሩ፤ በማሽኑ ሥራ እንጀምራለን ብለው ያሰቡም ነበሩ። ሥራ ለሚጀምር ሰው ዓመት ማለት ምን ማለት እንደሆነ እዚህ ላለነው መንገር አያስፈልግም።

በዚህ መካከል ኩባንያው ያደረገው አንድ ነገር አለ። የመጨረሻው ምርት ከመድረሱ በፊት ቁጥራቸው ውስን የሆኑ የሙከራ ማሽኖችን በአንዳንድ ገዢዎች እጅ አስገባ። እነዚህ ያለቀላቸው ማሽኖች አልነበሩም። በእነሱ የተሠራው ሥራ ከመጨረሻው ማሽን ውጤት ሊለይ እንደሚችልም በግልጽ ይነገር ነበር። የደረሳቸው ሰዎች የቆረጡትን እያሳዩ፣ የተበላሸባቸውን እየተናገሩ ሰነበቱ። ሌሎቹ ያልደረሳቸው ደግሞ የእነዚያን ሥራ እያዩ ይጠብቁ ነበር።

ይህ ለምን አስፈለገ? ማሽኑን የሠራው መሐንዲስ ጠባዩን ያውቀዋል። የት ጋ ቀስ ማለት እንደሚገባው፣ የቱን ቁልፍ ሁለቴ መንካት እንደሌለበት እጁ ለምዶታል። ማሽኑ ወደ ሰው ቤት ሲገባ ግን ሌላ ነገር ይገጥመዋል። አንዱ ቤት ይሞቃል፣ ሌላው አቧራ ይበዛበታል፣ የሌላው ኢንተርኔት ይቆራረጣል። ይህ ማሽን ደግሞ ሥዕሉን የሚያዘጋጅለት በኢንተርኔት በኩል ያለው የኩባንያው ኮምፒዩተር ስለሆነ፣ መስመሩ ሲጠፋ አዲስ ሥራ መጀመር አይቻልም። ጭሱን በመስኮት የሚያስወጣበት ቤትና መስኮት የሌለው ክፍልም አንድ አይደሉም። ይህን ሁሉ የሚያሳየው በእውነተኛ ሰው ቤት መሞከር ነው።

እኛም ይህን በራሳችን እናውቀዋለን። አዲስ ዓይነት ቦርሳ ስንሰፋ አንዷ አባል ለአንድ ወር ይዛው ገበያ ወጥታ ካልመለሰችልን፣ ማንገቻው የት ጋ እንደሚበጠስ አናውቅም። ይህን የምታደርግልን ሴት ውለታ ዋለችልን እንጂ ዕቃ በነፃ አላገኘችም።

ነገር ግን በሙከራ ማሽን ላይ መጠንቀቅ የሚገባው ነገር አለ። ለጥቂቶች የሙከራ ዕቃ መስጠት ለቀሩት ሁሉ እንደ ማስረከብ ሊቆጠር አይገባም። "ለሰው መስጠት ጀምረናል" የሚለው ቃል ለሻጩ ደስ ይላል፤ ለሚጠብቀው ሰው ግን ገና ምንም አልተሰጠውም። ሂሳብ ሠራተኛም እዚህ ላይ ልትሳሳት አይገባም። አሥር ሰው የሙከራ ዕቃ ቢይዝ፣ የቀረው ሺህ ሰው ገንዘብ አሁንም ዕዳ ነው።

የሲያትሉን ኩባንያ የማመሰግንበት አንድ ጉዳይ አለ። ማሽኑ ከመላኩ በፊት ገንዘቡን መልሶ ለመውሰድ የፈለገ ገዢ በሙሉ እንዲመለስለት ፈቅዷል። ይህ ትልቅ ነገር ነው። ገንዘቤን መልሱልኝ ማለት የሚችል ሰው ወድዶ ነው የሚጠብቀው። ገንዘቡ የማይመለስለት ሰው ግን ይጠብቃል አይባልም፤ ታግቷል ነው የሚባለው። ማሽኖቹም በመጨረሻ ደረሱ፤ በ2018 ኩባንያው ያለ ወረፋ ለማንኛውም ገዢ መሸጥ ጀመረ።

ሁሉም ግን እንዲህ አላለቀም። በዚያው በአሜሪካ በኦሪገን ግዛት አንድ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2014 ኩለስት ኩለር የሚባል የመጠጥ ማቀዝቀዣ ሣጥን እሠራለሁ ብሎ ከ62 ሺህ በላይ ከሆኑ ሰዎች ከ13 ሚሊዮን ዶላር በላይ ሰበሰበ። ሣጥኑን ለመሥራትና ለማድረስ የሚወጣው ወጪ ከተሰበሰበው በላይ ሆነ። ድርጅቱ ገንዘብ ለማግኘት ሲል ሣጥኖቹን አስቀድመው የከፈሉት ሰዎች ሳይደርሳቸው በኢንተርኔት መደብር ለአዲስ ገዢ በውድ ዋጋ ሸጠ። ሲቆይም ቶሎ እንዲደርሳችሁ 97 ዶላር ጨምሩ አላቸው። በ2019 መጨረሻ ተዘጋ። ወደ 20 ሺህ የሚጠጉ ሰዎች ምንም ሳያገኙ ቀሩ።

ልብ በሉ፤ ይህ ድርጅት ዕቃ ለመሥራት አስቦ የተነሣ ነው። ብዙ ሺህ ሣጥንም አስረክቧል። የጣለው ወጪውን ሳያውቅ ዋጋ መቁረጡና የትናንቱን ደንበኛ ዕዳ በዛሬው ደንበኛ ገንዘብ ለመሸፈን መሞከሩ ነው። የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች ይባላል፤ አንዳንዴ ግን የፈሰሰው አይለቀምም።

አሁን ወደ ቤታችን ልመለስ። ከዚህ በኋላ የምናገረው ስለ ራሴ ጥፋት ነው።

ባለፈው ዐቢይ ጾም የልብስ ስፌት ክፍላችን ለፋሲካ የሀበሻ ቀሚስ ትእዛዝ ተቀበለ። 38 ደንበኞች እያንዳንዳቸው 1,500 ብር ቀብድ ሰጡ። በድምሩ 57,000 ብር ነው። ደረሰኙን የቆረጥኩት እኔ ነኝ። መዝገቡ ላይ ስጽፈው ግን "ሽያጭ" ከሚለው ሥር አገባሁት። አንድም ቀሚስ አልተሰፋም፤ ድሩ እንኳ ገና በሸማኔው እጅ አልገባም። እኔ ግን እንደ ተሸጠ ጻፍኩ።

በወሩ መጨረሻ ያቀረብኩት ሪፖርት ትርፍ አሳየ። ኮሚቴው ሪፖርቱን አምኖ፣ የስፌት ክፍሉ ለረጅም ጊዜ ሲጠይቅ የነበረውን የኦቨርሎክ ማሽን እንዲገዛ ወሰነ። 35,000 ብር ወጣ። የቀረው 22,000 ነው። ወዲያው የክር ዋጋ ጨመረ። ሽሮ ሜዳ ያሉት ሸማኔዎቻችንም በድሮው ዋጋ አንሠራም አሉ፤ እውነታቸውን ነው፤ እነሱም ክር የሚገዙት ከገበያ ነው። የምንጨምርላቸው ገንዘብ አልነበረንም። ለፋሲካ 24 ቀሚስ ደረሰ። 14 ሳይደርስ ቀረ።

ኮሚቴውን አትውቀሱ። የስፌት ክፍሉንም አትውቀሱ። የሌለ ትርፍ ያሳየኋቸው እኔ ነኝ። ደንቡን ሳላውቅ ቀርቼም አይደለም፤ ኮሌጅ ተምሬዋለሁ። ዕቃው ሳይሰጥ የገባ ገንዘብ ገቢ አይባልም፤ ለደንበኛ ያለብን ዕዳ ተብሎ ነው የሚመዘገበው። ዓለም አቀፉም የሂሳብ አያያዝ ደንብ የሚለው ይህንኑ ነው። እኔ ግን "ፋሲካ እኮ ቅርብ ነው፤ በሦስት ሳምንት መሸጡ አይቀርም" ብዬ ደንቡን ቸል አልኩት።

ከ14ቱ ደንበኞች አንዷ በዕድሜ የገፉ እናት ናቸው። ቀሚሱን ያዘዙት ለዳግማይ ትንሣኤ ለልጃቸው ሠርግ ነበር። ሦስት ጊዜ ወደ ቢሯችን መጡ። ሦስቱንም ጊዜ ያነጋገርኳቸው እኔ ነኝ። መጀመሪያ "ሐሙስ ይደርሳል" አልኳቸው። ቀጥሎ "ቅዳሜ ጠዋት አያልፍም" አልኳቸው። ሁለቱንም ስናገር ከሸማኔው የሰማሁት ነገር አልነበረም፤ ፊታቸውን አይቼ እንዳይከፋቸው ብዬ ነው። ለሦስተኛ ጊዜ የመጡት ሠርጉ ካለፈ በኋላ ነው። አልጮኹብኝም። ተቀመጡና እንዲህ አሉኝ፦

"ልጄ፣ ቀሚሱ እንደማይደርስ ብትነግሪኝ የእህቴን ተውሼ እለብስ ነበር። ነገ፣ ነገ እያልሽ ያንንም አስቀረሽብኝ።"

ከዚያን ቀን ጀምሮ ይህ ቃል ከጆሮዬ አልጠፋም። ገንዘባቸውን ከያዝንባቸው ይልቅ የጎዳቸው በባዶ ቀጠሮ ማቆየቴ ነው። ሰው እውነቱን ካወቀ ሌላ መላ ይፈልጋል። የውሸት ቀን የሰጠነው ሰው ግን መላ የመፈለጊያ ጊዜውንም እኛ ወስደንበታል። የሌዘር ማሽኑን ገዢዎች ታሪክ ሳነብ ያመሸሁት ለዚህ ነው። ቀናቸው በተገፋ ቁጥር እኔ የማያቸው እኚህን እናት ነበር።

ከ14ቱ ደንበኞች 9ኙ ቀሚሳቸውን ዘግይተው ዋጋ ቀንሰንላቸው ወሰዱ። 3ቱ ገንዘባቸው ተመለሰላቸው። 2ቱ እስከ ዛሬ አልተዘጋላቸውም። አንዷ እኚሁ እናት ናቸው። እንግዲህ በሀገራችን ሕግ ስለ ቀብድ የተጻፈውን ላስታውሳችሁ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 1885 ላይ እንደሚለው፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ በቀር፣ ቀብድ የሰጠ ሰው ውሉን ቢተው ቀብዱን ያጣል፤ ቀብድ የተቀበለ ሰው ውሉን ቢተው ደግሞ እጥፉን ይመልሳል። አባቶቻችን በገበያ ላይ ሲተዳደሩበት የነበረውም ይህንኑ የመሰለ ነው። ቀብድ የያዘ እጅ የታሰረ እጅ ነው።

ስለዚህ ለጉባኤው የማቀርበው ሐሳብ የሚከተለው ነው።

አንደኛ፣ ለሁለቱ ደንበኞች ለእያንዳንዳቸው 3,000 ብር፣ በድምሩ 6,000 ብር በዚህ ሳምንት እንዲከፈል ይፈቀድ። ገንዘቡን ይዤ ቤታቸው ድረስ የምሄደው እኔ እሆናለሁ።

ሁለተኛ፣ ከእንግዲህ የሚገባ ቀብድ ሁሉ በተለየ መዝገብና በተለየ የባንክ ሂሳብ ይቀመጥ። ከዚያ ገንዘብ የሚወጣው ለዚያው ደንበኛ ዕቃ ብቻ ይሁን፤ ለክሩ፣ ለሸማኔው፣ ለቆዳው። ለማሽን መግዣም ሆነ ለቤት ኪራይ አይነካ። ዕቃው ተሰጥቶ ደንበኛው ሲፈርም ብቻ ወደ ገቢ ይዛወር።

ሦስተኛ፣ ዕቃው ሥራው እስኪጀመር ድረስ ማንኛውም ደንበኛ ቀብዱን ሙሉ በሙሉ መልሶ መውሰድ ይችላል የሚል ቃል በደረሰኙ ላይ ይታተም።

አራተኛ፣ የማስረከቢያ ቀን የሚሰጠው ሠሪዋ ራሷ እንጂ ቢሮ የተቀመጠችው አትሁን። ቀኑ የሚያልፍ ከመሰለም ደንበኛው ከመምጣቱ በፊት ይደወልለት። "አልደረሰም፤ መቼ እንደሚደርስም ገና አላወቅንም" ማለት ያሳፍራል፤ ግን ሰውን አይጎዳም።

አምስተኛ፣ አዲስ ዓይነት ዕቃ ስንጀምር የመጀመሪያዎቹን ጥቂቶች የሙከራ መሆናቸውን ነግረን እንስጥ። የሚይዙልን ሰዎች ያዩትን ጉድለት ይንገሩን፤ እኛም አስተካክለን ከዚያ በኋላ ትእዛዝ እንቀበል። ሳንሞክር ቀብድ አንቀበል።

የሌዘር ማሽኑስ? የቆዳ ክፍል እህቶቼ ይህን እየጠበቃችሁ እንደሆነ አውቃለሁ። ማሽኑ ይጠቅመናል ብዬ አምናለሁ። ነገር ግን ገና ያልተመረተ ማሽን በቅድሚያ ከፍለን አንጠብቅ፤ የምንከፍለው ገንዘብ የአባላት መዋጮና የደጋፊዎች ስጦታ ነው፤ ለመጠበቅ የምንችልበት አቅም የለንም። ተሠርቶ ያለቀ፣ በቦታው ቆሞ የሚታይ ማሽን ካለ ግን የራሳችንን ቆዳ ይዘን እንሂድ። በፊታችን ይቁረጠው። መብራት ሲጠፋና ኢንተርኔት ሲቋረጥ ምን እንደሚሆን እንጠይቅ። ጭሱ የሚወጣበት መስኮት በክፍላችን መኖሩን እንይ። በተለይ አንድ ነገር አትርሱ፤ ቆዳ መሳይ ተብሎ የሚሸጠው ከፒ ቪ ሲ ፕላስቲክ የተሠራ ከሆነ በሌዘር ሲቆረጥ መርዛማ ጋዝ ያወጣል። ለሳንባም ለማሽኑም ጠር ነው። እኛ ደግሞ ከዚያ ዓይነቱም እንሰፋለን። ይህን ሁሉ አይተን ከመለሰልን፣ ግዢውን ደግፌ የምፈርመው እኔ እሆናለሁ።

የተከበራችሁ ደጋፊዎቻችን፣ በእጃችሁ ባለው ሪፖርት ላይ "ለደንበኞች ያለብን ዕዳ" የሚል አዲስ መስመር ታያላችሁ። በዚያ መስመር የተነሣ ያለፈው ሩብ ዓመት ትርፍ ወደ ኪሳራ ተለውጧል። ሁለት ሪፖርት ብታስተያዩ ማኅበሩ የደከመ ይመስላችኋል። የተለወጠው ግን አጻጻፉ ነው፤ ኪሳራው ያን ጊዜም ነበር፤ እኔ ነበርኩ ያልጻፍኩት። ይህን በእናንተ ፊት መናገር ቀላል አልሆነልኝም። ሆኖም የምትረዱት ማኅበር ምን እንዳለው ብቻ ሳይሆን ምን እንዳለበትም ማወቅ ይገባችኋል።

እህቶቼ፣ እኛ ሀብታም ማኅበር አይደለንም። ሰው ሥራችንን ሳያይ 1,500 ብሩን አውጥቶ የሚሰጠን ስለሚያምነን ነው። ያ እምነት በመዝገቤ ላይ የሚጻፍበት ዓምድ የለውም፤ ሲጠፋ ግን ሌላው ዓምድ ሁሉ ባዶ ይሆናል። የሚጠብቅ ደንበኛ ገንዘብ በካዝናችን ቢቀመጥም የደንበኛው ነው። ዕቃውን አስረክበን "ይባርክላችሁ" ሲለን፣ ያን ጊዜ የእኛ ይሆናል።

ጥያቄና ተግሣጽ ካላችሁ ለመስማት ዝግጁ ነኝ።